ዲስክ አላነብ ያለ ፕሌይስቴሽን 2፦ «ሌንሱ ሞቷል» ከመባሉ በፊት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ዲስክ አላነብ ያለ ፕሌይስቴሽን 2 ይዞ ጥገና ቤት የሄደ ሰው በብዛት የሚሰማው መልስ «ሌንሱ ሞቷል» የሚል ነው። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ማሽኑ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን ምርቱ የቆመው በ2013 መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ የመጨረሻው እንኳ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ነገር ግን ሞቱ ከሚባሉት ሌንሶች ብዙዎቹ ወይ ቆሽሸዋል፣ ወይ የሚሄዱበት ሐዲድ ደርቋል፣ አንዳንዴም ጥፋቱ ጭራሽ ከሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል ይፈልጋል፦ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው፣ ወደ ኋላ ሊመለስ ከሚችለው ወደማይመለሰው። ብዙ ጠጋኝ ገና ክዳኑን እንደከፈተ የሚነካው የሌንስ ኃይል መጨመሪያ በዚህ ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ከዚህ በታች «ወፍራሙ» ስንል ትሪው ወደ ፊት የሚወጣውን፣ የሞዴል ቁጥሩ እስከ 50000ዎቹ ያለውን ማለታችን ነው። «ስሊሙ» ደግሞ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተው፣ ከ70000 ጀምሮ ያለው ነው። ቁጥሩ ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ «ኤስሲፒኤች» (SCPH) ከሚለው ቀጥሎ ይገኛል። መጀመሪያ እሱን ጻፉት፤ ከሌንስ እስከ አዳፕተር ድረስ ሁሉ ነገር የሚጠየቀው በእሱ ነው።

የትኛውን ያነባል፣ የትኛውን አያነብም?

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት አራት ዓይነት ዲስክ ሰብስቡ፦ የፊልም ዲቪዲ፣ ሆዱ ብርማ የሆነ የፒኤስ 2 ጌም፣ ሆዱ ሰማያዊ የሆነ የፒኤስ 2 ጌም እና የዘፈን ሲዲ። ቢቻል ሁሉም ኦሪጅናል ይሁኑ፤ ካልሆነ ቢያንስ ሌላ ማሽን ላይ እንደሚሠሩ ያረጋገጣችኋቸው። ሰማያዊ ሆድ ያለው የፒኤስ 2 ጌም ሲዲ ነው፤ ብርማው ዲቪዲ ነው። ሌንሱ ለሁለቱ የሚጠቀመው ሁለት የተለያየ ብርሃን ነው፤ ለዲቪዲ 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ፣ ለሲዲ 780 ናኖሜትር የሆነና ለዐይን የማይታይ።

ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ይናገራል። ዲቪዲውን ሁሉ አንብቦ ሰማያዊውንና ዘፈኑን ከተወ፣ የሲዲው ወገን ብቻ ደክሟል። ተገላቢጦሹም እንዲሁ። ሁለቱንም አንዳንዴ እያነበበ አንዳንዴ የሚተው ከሆነ ግን ቆሻሻን፣ ሐዲድን ወይም የሌንሱን ዘመም ማለት ጠርጥሩ፤ ሁለት ብርሃን ባንድ ቀን የሚሞትበት ዕድል ትንሽ ነው። ጌሙ ገብቶ መሃል ላይ፣ በተለይ ፊልም በሚያሳይበት ቦታ፣ እየተቆራረጠ የሚቆም ከሆነም ነገሩ ያው ነው። ባለ ሁለት ንብርብር ዲስኮች ላይ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ የድካም መጀመሪያ ነው፤ ሁለተኛው ንብርብር የሚመልሰው ብርሃን ያነሰ ስለሆነ የደከመ ሌንስ ቀድሞ የሚረታው እዚያ ነው።

ቀይ ስክሪን ወጥቶ የፕሌይስቴሽን ዲስክ አስገቡ ካለ ወዲያው ሌንሱን አትክሰሱ። የአሜሪካ ማሽን የአውሮፓ ጌም ሲገባበት፣ የአውሮፓውም የአሜሪካ ሲገባበት፣ የሌላ አገርና የኮፒ ዲስክ የሚያስነብበው ተጨማሪ ቺፕ ካልገባለት የሚሰጠው መልስ ይኸው ቀይ ስክሪን ነው። ከውጭ ዘመድ የላከው ማሽን ላይ ይህ በጣም ያጋጥማል። የሞዴሉን ቁጥር መጨረሻ እዩ፦ 01 አሜሪካ፣ 00 ጃፓን፣ 04 አውሮፓ ነው። ቺፕ የገባለት ማሽን ኮፒውን ትቶ ኦሪጅናሉን ብቻ ካነበበ ደግሞ የቺፑ ሽቦ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል እሱንም ለጠጋኙ ንገሩት።

ጨርሶ የማይዞር ዲስክ ሌላ ጉዳይ ነው። ስሊሙ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው ክዳኑ ሲወርድ በሚጫናቸው ትንንሽ ማብሪያዎች ነው። ክዳኑ ከላላ ወይም ማብሪያው ውስጥ አቧራ ከገባ ማሽኑ ክፍት መስሎት ዝም ይላል። ክዳኑን በጣታችሁ ጫን ስታደርጉት መዞር ከጀመረ ምክንያቱን አገኛችሁ። ወፍራሙ ላይ ደግሞ ዲስኩን ከላይ የሚይዘው ክብ ማግኔት ከቦታው ወጥቶ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ቀደም ሲል የተከፈተ ማሽን ከሆነ ይህ አይጠፋም። ትንሽ ዞሮ ከቆመ ሌንሱ ፎከስ አላገኘም ማለት ነው፣ ወደ ማጽዳቱ እለፉ።

ኤሌክትሪኩ

ዲስኩ መዞር ሲጀምር ማሽኑ ራሱ የሚጠፋ ወይም ከመጀመሪያው የሚነሳ ከሆነ ጥፋቱ ከኃይሉ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ኃይል ይስባል፤ የደከመ አዳፕተር በዚያች ቅጽበት ይወድቃል። ከ90000 በፊት ያሉት ስሊሞች የሚጠቀሙት 8.5 ቮልት ነው። ከሬዲዮ ወይም ከራውተር የተወሰደ 12 ቮልት አዳፕተር መሰካት ማሽኑን መግደል ነው፤ 9 ቮልት ሆኖ አምፔሩ ያነሰውም መጥፋቱን አያቆምም። ቴስተር ካላችሁ ማሽኑ በርቶ ዲስክ እየዞረ ሳለ ለኩት፤ ከ8.5 ብዙ ከወረደ አዳፕተሩ ይቀየር።

ወፍራሙና 90000ው ፓወራቸው ውስጥ ነው። የአሜሪካው ወፍራም 120 ቮልት፣ የጃፓኑ 100 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ ያለ ትራንስፎርመር ሶኬታችን ላይ ከተሰካ ስለ ሌንስ ማውራቱ ይቀራል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚለየው

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ሐረጎን ወርዳችሁ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ታገኟታላችሁ። ደሴ ክረምቱን ጉም ውስጥ የሰነበተ ማሽን ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲገባ የሌንሷ ዐይን ላይና ዲስኩ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ከብርድ የገባ ሰው መነጽር ላይ እንደሚሆነው ማለት ነው። ወዲያው ካበራችሁት አያነብም፤ ደጋግማችሁ ስታስሞክሩት ደግሞ ሌንሱ ፎከስ ፍለጋ ከፍ ዝቅ እያለ በከንቱ ይደክማል። ከቦርሳው አውጥታችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ካቆያችሁት በኋላ አብሩት።

ሌላው የቤት ውስጥ ጭስ ነው። ቡና ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣንና የከሰሉ ጭስ የሚጣበቅ ቅባትነት አለው። ማሽኑ ቴሌቪዥኑ ሥር ዝቅ ብሎ፣ ረከቦቱ አጠገብ ከተቀመጠ፣ ማራገቢያው ያንን ጭስ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ዓመታት ሲቆይ የሌንሷ ዐይን ላይ ቡናማ ሽፋን ይሠራል፤ አቧራውም እዚያ ላይ ይለጠፋል። ይህን ንፋስ አያስለቅቀውም፣ አልኮል ነው የሚያስለቅቀው። ጌም ቤቶች ውስጥ ደግሞ ሲጋራው ይጨመርበታል። ቀላሉ መፍትሔ ማሽኑን ከወለል ከፍ ማድረግና ቡና ሲፈላ አጥፍቶ ጨርቅ ጣል ማድረግ ነው። ጨርቁ ግን በርቶ እያለ አይሁን፤ ከፍታችን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚያቀዘቅዘው እንደ ቆላው አይደለም፣ ሙቀት ደግሞ የሌንስ ዋና ጠላት ነው።

ዲስኩን ማየት

ዲስኩን ብርሃን ላይ ገልብጡና የጭረቱን አቅጣጫ ተመልከቱ። ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የሄደ ጭረት ብዙ አይጎዳም፤ ማሽኑ የጎደለውን ሞልቶ ያነበዋል። ክብ ጭረት፣ ዲስኩ የሚዞርበትን መንገድ ተከትሎ የሄደው፣ ሌንሱን ከመስመሩ ያስወጣዋል። ለዚህ ነው ዲስክ ሲጠረግ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ ተደርጎ እንጂ እየተዞረ የማይጠረገው። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በለብታ ውሃ ነክሮ መጥረግ ለጣት አሻራና ለልጆች ከረሜላ ይበቃል።

የጥርስ ሳሙና ነገር ሁልጊዜ ይነሳል። ነጩ፣ ጄል ያልሆነው፣ በስሱ የሚፍቅ ነገር ስላለው ላይ ላዩን ያለ ጭረት ያለሰልሳል፤ ጥፍር የሚይዘውን ጭረት ግን አይነካውም። ዲቪዲ ላይ መረጃው የተቀመጠው መሃል ላይ፣ ከሆዱ 0.6 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ለመፋቅ ቦታ አለ። ሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከላይ፣ ከሥዕሉ ሥር ነው፤ ከላይ በኩል ተቧጭሮ ብርሃን ካሳለፈ ምንም አታደርጉለትም።

ኮፒ ዲስክ ለደከመ ሌንስ ከባድ ነው። ካስቀዳችሁ ዲቪዲ አር ይሁን፤ አርደብሊው የሚባለው የሚመልሰው ብርሃን በጣም ያነሰ በመሆኑ ጤነኛ ሌንስ እንኳ ይቸገርበታል። ርካሹ ዲስክ በከፍተኛ ፍጥነት ሲቀዳ ደግሞ ምልክቶቹ ደብዝዘው ይቀራሉ፤ 4 እጥፍ ፍጥነት ላይ አስቀዱት።

ስሊሙ ላይ ደጋግሞ ክብ ጭረት የሚወጣ ከሆነ ጭረቱን የሠራው ማሽኑ ራሱ ነው። የሌንሱ ጠፍጣፋ ኬብል በዕድሜ ብዛት ጎብጦ ወደ ላይ ይነሳና ዲስኩን ይልጋል። ክዳኑን ከፍታችሁ ሌንሱን በጣት ወደ መሃልና ወደ ዳር ስታንሸራትቱት ኬብሉ ሲያብጥ ታዩታላችሁ። ሲከፈት ኬብሉን ወደ ታች አስተኝቶ በስስ ፕላስተር ወለሉ ላይ መያዝ ይበቃል፤ ብቻ ለመንቀሳቀሻው ቦታ ተዉለት።

ማጽዳት

የሚያስፈልገው ትንሽ ባለመስቀል ካቻቪቴ፣ ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ አልኮል፣ ማርከርና ቪቴዎቹን በየተራ የምታስቀምጡበት ወረቀት ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ 70 በመቶ አልኮል ይሠራል፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ ግን እንዲደርቅ ጊዜ ስጡት። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ካገኛችሁ ይሻላል። የእጅ ጄል አይሆንም፤ ማወፈሪያው ዐይኗ ላይ ሽፋን ይተዋል። የሌንሷ ዐይን ፕላስቲክ ናት፤ አሴቶን፣ ቲነር ወይም ቤንዚን ከነካት ጭጋግ ለብሳ ትቀራለች። አረቄ ይሆናል የሚልም አይጠፋም፤ ውስጡ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ ለጠጪው ተዉለት።

ስሊሙ መፈታት እንኳ አያስፈልገውም። ከሶኬት ነቅላችሁ ክዳኑን ክፈቱ፤ ሰማያዊ የምትመስለዋ ትንሽ ጉልላት ሌንሷ ናት። ጥጡን አልኮል ውስጥ ነክራችሁ ጠርሙሱ አፍ ላይ ጨምቁት፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሥር ያለውን መስታወት ያበላሻል። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር በስሱ እያዞራችሁ ጥረጉ። ዐይኗ በቀጫጭን ሽቦዎች የተንጠለጠለች ስለሆነች ስትነኳት ትወርዳለች፤ መውረዷ ጤና ነው፣ መጫን ግን አይገባም። በሌላ ደረቅ ጥጥ ድገሙት። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ የጭሱ ሥራ ነው፤ ንጹሕ እስኪወጣ ቀጥሉና 15 ደቂቃ ክፍት ተዉት።

ወፍራሙ መፈታት አለበት። ነቅላችሁ ትንሽ ቆዩ፤ ፓወሩ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ አለና እሱ ያለበትን ወገን አትንኩ። ገልብጡት፤ ሆዱ ላይ ያሉትን አራት ማዕዘን ክዳኖችና ላስቲኮች በጠፍጣፋው ካቻቪቴ ስታነሱ ቪቴዎቹን ታገኛላችሁ፣ እንደ ሞዴሉ 8 ወይም 10 ናቸው። መልሳችሁ አቅኑትና የላይኛውን ክዳን በቀስታ አንሱ። የማብሪያና የኢጀክት ቁልፉ ኬብል ከፊት በኩል ተያይዟል፤ ስንገጥም ብለው የሚበጥሱት እሱን ነው። ቀጥሎ የዲስክ ማጫወቻውን ሽፋን የያዙትን አራት ትንንሽ ቪቴዎች ፍቱ። ሽፋኑ ሥር ያለው ክብ ማግኔት እንዳይጠፋችሁ። ትሪው ወደ ፊት ከወጣ ሌንሷ ትታያለች፣ ማጽዳቱም ከላይ እንዳልነው ነው።

አቧራ ለማስወጣት በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይዘንባል። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር ማስነፋትም አይሆንም፤ ከጎማ መንፊያ የሚወጣው አየር ውሃና ዘይት የያዘ ነው፣ ግፊቱም ሌንሷን ከሽቦዋ ይነቅላታል። ከፋርማሲ የሚሸጠው የሕፃናት አፍንጫ መሳቢያ ላስቲክ በእጅ ሲጨመቅ ልክ የሚበቃውን ንፋስ ይሰጣል።

ብዙዎች ካጸዱ በኋላ የሚረሱት አንድ ነገር አለ። ያለ ዲስክ አብርታችሁ ዋናው ሜኑ ላይ ሦስት ማዕዘኑን ተጫኑ፤ የቨርዥን ገጹ ሲመጣ ኮንሶል የሚለው ላይ ሆናችሁ እንደገና ሦስት ማዕዘኑን ተጫኑና ዳያግኖሲስ የሚለውን ኦን አድርጉ። ከዚያ ዲስክ አስገቡ። ማሽኑ ራሱን ከዲስኩ ጋር ለማስማማት ይሞክራል። ሲጠፋ ወደ ኦፍ ይመለሳል፤ ስለዚህ ስትፈልጉት ሁሉ መክፈት አለባችሁ። የድሮ ፕሌይስቴሽን 1 ጌም ለሚያስቸግራችሁ ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ የፕሌይስቴሽን ድራይቨር ፍጥነት ስታንዳርድ ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ሐዲዱ

ጸድቶም ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይነበብና ወደ ውጭኛው ጠርዝ ሲደርስ ከቆመ፣ ወይም «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካለ፣ ሌንሱ የሚንሸራተትበት ብረት ደርቋል። የፋብሪካው ግሪስ ከ20 ዓመት በኋላ ወይ ይጠጥራል ወይ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ሁለቱንም ብረቶችና ሌንሱን የሚገፋውን ጠመዝማዛ በአልኮል በራሰ ጥጥ አጽዱ፤ ጥርሱን በጣት እያዞራችሁ ሌንሱን ከዳር ዳር ውሰዱት፣ የሚይዝበት ቦታ እንዳለ ታውቃላችሁ። ከዚያ የክብሪት ራስ የምታህል ነጭ ግሪስ፣ ለፕሪንተርና ለኮፒ ማሽን የሚጠቀሙባትን፣ በብረቱ ላይ አዳርሱ። የስፌት ማሽን ዘይት ቀጭን ስለሆነ ወደ ሌንሷ ይፈሳል፤ የመኪና ግሪስ ወፍራም ስለሆነ ሞተሩን ያደክማል፤ ቫዝሊን ደግሞ ማሽኑ ሲሞቅ ይቀልጣል። ሦስቱም ገብተውባቸው የሚመጡ ማሽኖች ሞልተዋል።

ነጯ ጥርስ

ወፍራሙ ላይ ብቻ፣ ከሌንሱ ሐዲድ ጎን አንዲት ነጭ የፕላስቲክ ጥርስ (ጠርዟ ጥርስ ጥርስ ያለው ትንሽ ክብ) አለች። የሐዲዱን ዘመም ማለት ታስተካክላለች፤ ብርሃኑ ዲስኩን ቀጥ ብሎ እንዲመታው። ማሽኑ ሲገለበጥ ወይም በጎኑ ሲቆም ብቻ የሚያነብ ከሆነ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። (በርቶ ዲስክ እየዞረ ሳለ ማሽኑን መገልበጥ ያንን ዲስክ ለዘላለም መሰናበት ነው፤ አጥፍታችሁ ገልብጡ።)

ከመንካታችሁ በፊት በማርከር ጥርሷንም ጎኗ ያለውን ፕላስቲክም አንድ መስመር አስምሩባቸው። መመለሻችሁ እሷ ናት። ከዚያ በጠፍጣፋው ካቻቪቴ አንድ ጥርስ ብቻ አዙሩ፣ ዲቪዲ ሞክሩ፣ ሲዲ ሞክሩ። ድምፁ ከበዛ ወይም ለማንበብ የፈጀው ጊዜ ከረዘመ አቅጣጫው ተሳስቷል፤ ወደ መስመሩ መልሱና በሌላ በኩል ሂዱ። ዲቪዲው ተሻሽሎ ሲዲው ከባሰ መሃላቸውን ፈልጉ። ከጥቂት ጥርሶች በኋላ ለውጥ ከሌለ ጥፋቱ እዚያ ስላልሆነ ወደ ምልክታችሁ መልሷት። ያለ ምልክት ያዞረ ሰው ከዚያ በኋላ ሌንሱ ይሁን ዘመሙ አያውቅም።

ኃይል መጨመሪያው

ሌንሱ ጎን ላይ፣ ትንሿ ሰሌዳ ላይ፣ ሁለት የሚዞሩ ነጥቦች አሉ፦ አንዱ ለሲዲ፣ ሌላው ለዲቪዲ። «ሌንሱን ጨመርንለት» የሚባለው እነሱን ማዞር ነው። የብርሃን ምንጩ በዕድሜና በሙቀት ሲደክም ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ነጥቡን ስታዞሩ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ይጨምርና ለጊዜው ይበራል። በዚያው ልክ ድካሙም ይፈጥናል። ቆሻሻ ሌንስ ላይ ኃይል መጨመር ደግሞ ሁለት ጊዜ መጉዳት ነው፤ ቆሻሻው እንዳለ ይቀርና ጤነኛው ሌንስ ይቃጠላል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፣ የምትተኩት ሌንስም ካልተገኘ ብቻ ነው የሚነካው።

ሲነካም እንዲህ ነው። ኬብሉ ተነቅሎ የነጥቡን ኦም በቴስተር ለክታችሁ ጻፉ፤ ኦሙ ሲቀንስ ኃይሉ ይጨምራል። የትኛው ነጥብ የየትኛው እንደሆነ ከሌንስ ሌንስ ስለሚለያይ ሁለቱንም አንድ ላይ አትንኩ። አንዱን፣ የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ በአንድ ደቂቃ የምትሄደውን ያህል ብቻ አዙሩ፣ ለኩ፣ ሞክሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ያንን አድርጋችሁ ካልሆነ ወደ ጻፋችሁት ቁጥር መልሱት።

ብርሃኑ መኖሩን ለማየት ብላችሁ ሌንሷ ላይ ዐይናችሁን አትግጠሙ። የሲዲው ብርሃን አይታይም፤ አይታይም ማለት ግን ዐይን አይጎዳም ማለት አይደለም። የስልክ ካሜራ ከጎን ሆኖ ቢያሳያችሁ ይበቃል።

ሌንስ መቀየር

ሌንስ ስትገዙ የማሽኑን ሞዴልም፣ አሮጌው ሌንስ ላይ የተጻፈውንም ኮድ ይዛችሁ ሂዱ። ብዙው ወፍራም ኬኤችኤስ 400ሲ፣ ብዙው ስሊም ደግሞ ፒቪአር 802ደብሊው ይወስዳል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ከሌላ ማሽን ወጥቶ «አዲስ» ተብሎ የሚሸጠውን ለመለየት ሁለቱን ነጥቦች እዩ፤ የካቻቪቴ ጭረት ካለባቸው አንድ ሰው «ጨምሮላቸዋል»።

ሌንስ ሰውነት ላይ በሚጠራቀም የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ (ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣው) ይሞታል። የደሴ ብርድ ሹራብና ጋቢ ያስለብሳል፤ ሹራብ ለብሶ መሥራት ደግሞ ያንን ኤሌክትሪክ ያበዛል። አውልቁት፣ የውሃ ቧንቧ ወይም ሌላ መሬት የነካ ብረት ንኩ፣ ከዚያ ጀምሩ። ሌንሱን ከጎኑ ያዙ፤ የኬብሉን መግቢያ በጣት አትንኩ።

የሐዲዱን ጫፍ የያዘውን ቪቴ ፍታችሁ ብረቱን ሳቡት፤ ሌንሱ ይላቀቃል። ኬብሉ የሚለቀው የመያዣው ምላስ በጥፍር ሲነሳ ነው፣ በጉልበት አይሳብም። ኬብሉ ወደ የትኛው ፊት እንደሚያይ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። አሮጌው ላይ ያለችው ጥርሳም ፕላስቲክ አዲሱ ላይ ከሌለች ከነቪቴዋ አሻግሯት። ከዚህ ሁሉ የሚረሳው ደግሞ ይህ ነው፦ ብዙ አዲስ ሌንሶች ሲመጡ ከማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንዲጠበቁ ሁለት ነጥቦቻቸው በአንዲት የብየዳ ቆርቆሮ ጠብታ ተያይዘው ነው። ጠብታዋ ካልተነሳች ሌንሱ ምንም አያነብም፤ «አዲሱም ሞቶ መጣ» ተብሎ ይመለሳል። ኬብሉን ሰክታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በጋለ ብየዳ ጫፍ ነካ አድርጋችሁ አንሷት።

አዲስ ሌንስ ገብቶ በቀናት ውስጥ ከሞተ ሌላ አትግዙ። ሰሌዳው ላይ ሌንሱንና ሞተሩን የሚነዳው ቺፕ ተበላሽቶ የሌንሱን የሽቦ ጥቅል እያቃጠለ ይሆናል፤ ቺፑን መቀየር ለሚችል ሰው ስጡት።

ያለ ዲስክ መጫወት

ሌንስ ካልተገኘ ዲስኩን ጨርሶ ማለፍ ይቻላል። ፍሪ ማክቡት የተጫነበት ሜሞሪ ካርድ ማሽኑን ያስነሳል፤ ኦፒኤል የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ከዲስክ የተገለበጠውን ጌም ከሌላ ቦታ ያጫውታል። የመጨረሻዎቹ 90000ዎች ላይ ካርዱ አይሠራም፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ ማሽን አስሞክሩት።

ለወፍራሙ ምርጡ ከኋላው የሚገባው ኔትወርክ አዳፕተርና ሃርድ ዲስክ ነው፤ ከዲስኩም ይፈጥናል፣ ጌም ቤት ላለው ሰው ሌላ አማራጭ መፈለግ አያስፈልገውም። 10000ዎቹ ግን ይህ ቦታ የላቸውም። ስሊሙ ሃርድ ዲስክ አይቀበልም፣ የኔትወርክ ቀዳዳው ግን ስላለው ጌሙን ከኮምፒውተር በኬብል መሳብ ይችላል። ፍላሽ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ደካማውም እሱ ነው፦ የፒኤስ 2 ዩኤስቢ የድሮው 1.1 ስለሆነ በሴኮንድ 1 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚያሳልፈው፤ ዲስኩ ግን ከ5 ሜጋባይት በላይ ያነባል። ኳስ ጨዋታው መሃል ላይ ብዙም አይታወቅም፤ መግቢያው ላይ ያለው ፊልም ግን ይቆራረጣል። በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ትልልቆቹ ጌሞች ተከፋፍለው መጫን አለባቸው፤ ይህን የሚያደርገው በኮምፒውተር ላይ የሚሠራው የኦፒኤል መጫኛ ፕሮግራም ነው፣ ዝም ብሎ ኮፒ ፔስት አይሆንም።